አንድ ግራም

እኔ ኬሚስት አይደለሁም፤ የመጋዘን ሰው ነኝ፣
ቁልፍ ከወገቤ፣ መዝገብ ከብብቴ የማይለየኝ፤
ደብረ ማርቆስ፣ ከግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ቤት፣
ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩ፣ ስመዝን ዱቄት።

ዶክተር እንጉዳይ የመጣች ለት
ክረምት ነበር፣ ጭቃው ጉልበት።
"ፓላዲየም" አለችኝ፣ "አንድ ግራም።"
ብልቃጧ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም፣
ዋጋዋ ግን የበሬ ነው፣ ያውም የጥማድ፤
አስፈረምኳት ሦስት ቦታ፣ እንደ መሬት ክርክር፣ እንደ ፍርድ።

"ምን ይሠራል ይሄ?" አልኳት። ሳቀች።
"ሽማግሌ ነው" አለች።
"ሁለት የተኳረፉ ቤቶች አሉ እንበል፣
አንዱም ካርቦን ሌላውም ካርቦን፣ አጥር በመካከል፤
እሱ ይገባል፣ አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ ስቦ፣
አጋብቶ ይወጣል፣ ጋቢውን ደርቦ።
ጥሎሽ አይወስድም፣ ድግስ አይቀምስም፣
እንደገባ ይወጣል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም።"

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ልናገር።
ናይትሮጅኑ ከባሕር ዳር በአይሱዙ ሲመጣ፣
እንጅባራ ላይ ተሰብሮ ሦስት ቀን ሲቀጣ፤
መብራት ጠፍቶ ማማሰያው ድንገት ቀጥ፣
እሷ ጠርሙሱን በእጇ፣ እንደ እርጎ ስትንጥ፤
ጠዋት ስገባ ጥቁር ሬንጅ፣ በማግስቱም ጥቁር ሬንጅ፣
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ። ሥራዬ መቁጠር ነው እንጂ!

ያለቀውን ቶሉይን ሌላው ከቦዩ ሲደፋ፣
እሷ በበርሜል አከማቸችው፣ መጋዘኔ እስኪጠፋ።
ተቆጣሁ።
"ቦዩ የት ይሄዳል?" አለች።
"ጨሞጋ።"
"ጨሞጋስ?"
ዝም አልኩ። በርሜሉ ባለበት ቀረ።

በሰባተኛው ዓመት ብልቃጧ ባዶ ሆነች፤
በጀት የለም፣ ግዥ ክፍል "ዶላር" ብሎ ተኛ።
አንድ ሰኞ በጨርቅ የተቋጠረ ይዛ መጣች፣
ፈታችው። ዝገት። ከመዶሻ ሥር የረገፈ የብረት ቅርፊት።
"የአባቴ ነው" አለች፣ "ከየጁቤ፣ ከወናፉ ሥር።"

ወሬውንማ ሰምቼዋለሁ፤ አልዋሽም።
ማረሻውን ሲሠሩለት "ቀጥቃጭ" ብሎ የሚሳደብ አገር፣
በብረታቸው እያረሰ ከእጃቸው ውኃ የማይጠጣ መንደር፣
እኔም የዚያው ልጅ ነኝ።
ሻይ ስታቀርብልኝ "ጠጥቻለሁ" እል ነበር፣
ሰባት ዓመት።

ብረቱን ፈጨችው፣ በአሲድ አሟሟችው፣ ከከሰል ጋር ጋገረችው፣
ሲደርቅ አንድ ግራም አስመዘነችኝ፣ መዘገብኩት፣
በቶሉይን ፋንታ ውኃ ውስጥ፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ጨመረችው።
ሦስት ዓመት እምቢ አለ። ብረት ግትር ነው፣ እንደ ባላገር።
በአራተኛው፣ አንድ ሐሙስ፣
ከጠርሙሱ ሥር ነጭ ፍሬ፣ እንደ በረዶ ጠጠር።

ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ነቀለች፣
ከጠርሙሱ ጎን፣ ከውጭ አስጠጋች፤
ጥቁሩ ዱቄት እንደ ንብ መንጋ እዚያው ሰፈረ።
ሽማግሌው ከሠርጉ ወጣ፣ ሙሽራው ከሙሽሪት ቀረ።
አጠበችው፣ አደረቀችው፣ መልሳ ሰደደችው፤
አሥራ አንድ ሠርግ ያው አንዱ ዱቄት ፈጸመው።

ጎረምሳ ሳለሁ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ፣
ወርቁ ብረት የሆነበት ቅኔ ግን ያን ቀን ሰማሁ።
ሻዩንም ያን ቀን ጠጣሁት።
ቀዝቅዞ ነበር።
ምንም አላለችም።

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስትወጣ፣ በንብረት መመለሻው ቀን፣
ያን ዱቄት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፤ ሚዛኑን ወልውዬ መዘንን።
ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ስምንት።
"ሁለቷ በእጥበት ሄዳለች" አለች።
"አይቀንስም፣ አይለወጥም አላልሽም ነበር?" ብላት፣
መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን አሸት አደረገች፤
"እሱ ለጀማሪ ነው" አለች። "ይለወጣል። ቀስ ብሎ።"

ገቢ በሚለው ጻፍኩ፣ ተመላሽ በሚለው ፈረምኩ።
ጉድለት ከሚለው ዓምድ ስደርስ ብዕሬ ቆመ፤
ለሁለት መቶኛ ግራም የእሷን ስም መጻፍ አቃተኝና
የራሴን ጻፍኩ።